የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት

ባለፈው ወር ያቭኔ ከተማ ውስጥ፣ በምሠራበት ክሊኒክ፣ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር በየሰዓቱ ድርግም እያለ ስላስቸገረን ቴክኒሻን ተጠራ። ልጁ ጠረጴዛዬ ስር ተንበርክኮ የማሽኑን ጎን ከፈተ፤ ቁራጭ ጨርቅ አልኮል ነከረና የሆነ ነገር ማሸት ጀመረ። ክሊኒክ ውስጥ አልኮል ቀኑን ሙሉ ይሸተኛል፤ ምንም አያስታውሰኝም። ያን ቀን ግን ከጋለ አቧራ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የበጋው እረፍት ነው፤ አባባ ፈረደ አጠገቤ ቆሞ አንድ ትንሽ ብረት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ቂርያት ማላኪ ነበር፤ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ እና የእናቴ አባት አባባ ፈረደ። አባባ አገር ቤት ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ፣ ቢላና መጥረቢያ ይሠራ ነበር። እኔ ያንን ሥራውን አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው እጆቹን ነው። የመዳፉ ቆዳ ከመወፈሩ የተነሳ የፈላ ድስት በባዶ እጁ ከምድጃ ላይ ያነሳል። እኔ አባባ ሙቀት የማይሰማው ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። ለክፍሌ ልጆችም እንደዚያ ብዬ ተናግሬያለሁ።

ኮምፒውተሩ ወደ ቤታችን የመጣው በዚያው ዓመት ነው። አባቴ የሚሠራው ቤኤር ቱቪያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሲሆን፣ ፋብሪካው ቢሮዎቹን ሲያድስ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ለሠራተኞቹ አደለ። አባቴ አንዱን በትከሻው ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጣና ሳሎኑ ጥግ ላይ አስቀመጠው። እኔ የኔ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን የኮምፒውተሩ ባለቤት አባባ መሆኑ ታወቀ፤ ምክንያቱም አንድ የጎረቤት ልጅ ካሜራ ሰክቶለት፣ ጎንደር ካለው ወንድሙ ጋር ፊት ለፊት እያየው እንዲያወራ አደረገው።

ወንድሙ ተገኘ ይባላል። አባባ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ አገር ሲመጣ፣ እናቴ ብርሃኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ማለት ነው፣ ተገኘ ከእናታቸው ጋር እዚያው ቀረ። እናታቸው መንገድ የምትችል አልነበረችም። አባባ «በዓመቱ እናንተም ትመጣላችሁ» ብሎ ስማቸውን ከሚመጡት ሰዎች መዝገብ ላይ አስጽፎ ነበር የሄደው። ዓመቱ አለፈ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሆነ። እናታቸው በመሀሉ ሞተች። ተገኘ አልመጣም።

ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ አንድ ነበር፦ ፈረደ ወንድሙን ረሳው። አባባ ራሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠረጥር ነበር። እሱ መጻፍ አይችልም፤ ያስጻፈው በሰው እጅ ነው። «ምናልባት ስሙን አሳስቼ አስጽፌው ይሆናል» ይል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ወረቀቱን ይዞ ያልሄደበት ቢሮ አልነበረም። አንዳንዴ ዕብራይስጡን እንዳነብለት ይዞኝ ይሄዳል። መልሱ ሁልጊዜ «ጠብቅ» ነበር፤ ይህቺን ቃል ለእሱ መተርጎም አያስፈልገኝም ነበር።

ጥሪው ዓርብ ጠዋት ነበር። ተገኘ ቤቱ ኮምፒውተር የለውም፤ ከተማ ወጥቶ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ነው የሚደውልልን። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ሲመጣ አባባን ይመስላል፤ ፂሙ ብቻ ይጠቁራል። ሰላምታው ራሱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እንዴት ነህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጤና እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ እገሌ እንዴት ነው። እገሌ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ከዚያ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ድምፃቸው ይለወጣል። ልክ በዚህ ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየሳምንቱ ነው። ሰላምታው ያልቃል፣ አባባ ወንበሩን ወደፊት ይስባል፣ «ስማኝማ ተገኘ፣ ስለዚያ ነገር…» ይላል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል።

አባቴ የመብራት ችግር ነው አለ። እናቴ አባባ ገመዱን በእግሩ እየነካ ነው ብላ ወንበሩን አራቀችው። እኔ ግን ምክንያቱን አግኝቼው ነበር። ማሽኑ የሚጠፋው አባባ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መሆኑን አስተውያለሁ። ስለዚህ ማሽኑ ቁጣ ይፈራል ብዬ ደመደምኩ። የኛ ክፍል መምህርት ስትጮህ እኔም ጆሮዬ ይደፈናልና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

«አባባ፣ ቀስ ብለህ አውራ» አልኩት አንድ ዓርብ። «ትጮህበታለህ እኮ።»

«ጎንደር ሩቅ ነው» አለኝ። «ቀስ ብዬ ባወራ ይሰማል?»

በዚያ ዓርብ በሹክሹክታ አወራ። ተገኘ «ምነው ጋሼ፣ አሞሃል?» አለው። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው ተገኘ መቀየም የጀመረው። የሚያወራው ሰው ፊት በየሳምንቱ ልክ ቁም ነገር ሲጀመር የሚጠፋበት ሰው ምን ያስብ? «ዘጋህብኝ» አለው፣ በሚቀጥለው ዓርብ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ። አባባ ማለ። ተገኘ ግን አላመነውም።

እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ጌዴራ እየሄደች ቢሮዎች ታጸዳ ነበር። በእረፍቱ ሰሞን እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ቤት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ አልነበረንም፣ ቢሮዎቹ ግን ቀዝቃዛ ናቸው። መጨረሻ ላይ የምታጸዳው ኮምፒውተር የሚጠገንበት ትንሽ ሱቅ ነበር። እዚያ ሲጋል የምትባል ልጅ ትሠራለች። ወላጆቿ ያቭኔ የሚኖሩ የኛው ሰዎች ናቸው። የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ ከሠራዊት ከወጣች ብዙም አልቆየችም፤ ፀጉሯን በእስክሪቢቶ ጠቅልላ ትሰካለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስታወራው ግን አንቱም እርስዎም የላትም፤ እናቴንም ሽማግሌንም «አንቺ»ና «አንተ» ትላለች። እናቴ በዚህ ነገር ትሸማቀቃለች፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ሲጋል አንድ ኮምፒውተር ከፍታ ስትሠራ አጠገቧ ቆምኩ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እዪ» አለችኝ። «እጅሽን ግን አታስገቢ።»

ከማራገቢያው ስር ማበጠሪያ የመሰለ ባለብዙ ጥርስ ብረት ነበር። ፈታ አነሳችው። ከስሩ አራት ማዕዘን የሆነች፣ ከቴምብር ብዙ የማትበልጥ ነገር ብቅ አለች። ላይዋ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ግራጫ ነገር አለ።

«ይኼ ነው የሚያስበው» አለች ሲጋል፣ ትንሿን አራት ማዕዘን እያሳየችኝ። «ሲያስብ ይሞቃል። ይኼ ትልቁ ብረት ሙቀቱን ይወስድለታል፣ ማራገቢያው ያበርደዋል። በመሀላቸው ያለው ሲደርቅ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ያኔ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።»

«ሰው ሲጮህበት አይደለም?»

«ምን?»

«ምንም» አልኳት።

ጨርቅ አልኮል ነክራ የደረቀውን ጠረገች። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቀጥላ መርፌ ከመሰለ ነገር ትንሽ ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገች። ምንድነው አልኳት።

«ሚሽሃ» አለችኝ። ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ ወደ ውጪ ወጣች።

ሚሽሃ በዕብራይስጥ ቅባት ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ሚሽሃ ብቻ ነበር፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ውስጥ የቆመው፣ ጥርሳችንን የምንቦርሽበት። ስሙ በሙሉ «የጥርስ ሚሽሃ» ቢሆንም ማንም በሙሉ ስሙ አይጠራውም። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ያለ ማንም እርዳታ የወንድማማቾቹን ነገር ላስተካክል ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት አባባ ከሕንፃው ስር ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ሊቀመጥ ወረደ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። የአባቴን ካቻቢቴ አወጣሁና የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁ። ውስጡ የአቧራ ጎጆ ነበር። ማበጠሪያ የመሰለውን ብረት ከብዙ ትግል በኋላ አላቀቅኩት። ከስሩ ያለው ግራጫ ነገር ከመድረቁ የተነሳ በጥፍሬ ስነካው እንደ ኖራ ረገፈ። በአሮጌ ካልሲ ጠረግኩት። ከዚያ ሚሽሃውን አመጣሁና ቀባሁ። ሲጋል የቀባችው ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን የኛ ማሽን ከዚያኛው የበለጠ የታመመ ስለሆነ ብዙ ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። ብረቱን መልሼ ስጫነው ነጩ ነገር በአራቱም ጎን ፈሶ አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ወረደ። የታየኝን ያህል በጣቴ ጠረግኩና ዘጋሁት።

ሳበራው ሠራ። ዛሬ ቴክኒሻኖች ስነግራቸው ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን፣ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የጥርስ ሳሙናም ለጥቂት ቀን ይሠራል ይሉኛል።

በማግስቱ ዓርብ አባባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ሰላምታው አለቀ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላ፤ አልጠፋም። ሃያ ሆነ። እኔ ከኋላው ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ማራገቢያው በጎን በኩል የናና ሽታ ይነፋል፤ ሳሎኑ በሙሉ አሁን ጥርሱን እንደታጠበ ሰው ይሸታል።

«ናና የሚቀቅል አለ?» አለ አባባ፣ ወደ ኩሽና እያየ።

ያን ቀን አርባ ደቂቃ አወሩ። ነገር ግን ያወሩት ስለ ዝናብና ስለ አንድ የጠፋ በቅሎ ነው። ሁለቱም በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ መቆረጥን ስለለመዱ ይመስለኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም። ተገኘ ሁለት ሦስቴ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እኔ ግን በጣም ኮርቼ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ተገኘ ቀድሞ ደወለ። ሰላምታውን አሳጠረው፤ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ድፍረት አጥቼ ነው» አለ። «ዛሬ ሳልናገር አልሄድም። አንድ ያላወቅከው ነገር አለ። ያን ጊዜ፣ አንተ በሄድክ በዓመቱ…»

ስክሪኑ ጠቆረ።

ብንከፍተው ጥቂት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። እንደገና። እንደገና። አባባ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

እሑድ የተገኘ ጎረቤት በስልክ መልእክት አደረሰችልን። እናቴ ድምፁን ከፍታ ሁላችንም ሰማነው። «ተገኘ እንዲህ በይልኝ ብሏል» አለች ሴትዮዋ። «ጋሼ ነገሩን አስቀድሞ እንደሰማው ገብቶኛል። ሊሰማኝ ካልፈለገ እፈርድለታለሁ። ከእንግዲህ ኢንተርኔት ቤት አልሄድም።»

«ምኑን ነው የሰማሁት?» አለ አባባ። እናቴን አያት፤ እኔን አየኝ። «ምኑን?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ወደ ታች አልወረደም። ሽማግሌዎቹ ከስር ስሙን ይጠሩታል፤ በረንዳ ላይ ብቅ ብሎ እጁን ያነሳና ይመለሳል። ምሳው ሳይነካ ይቀራል። እናቴ ሐኪም ጋ ትውሰደው ወይ እያለች ከአባቴ ጋር ትማከራለች። እኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከመናገር ይልቅ ጥርሴን ሳልቦርሽ መተኛትን መረጥኩ። የሚሽሃውን ብርጭቆ ማየት አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት አባባ ጠራኝ። ከኮምፒውተሩ ጎን ተንበርክኮ አፍንጫውን ወደ ቀዳዳዎቹ አስጠግቷል።

«ኦሪት፣ ነይ እስቲ። እኔ ዕድሜዬን ከብረት ጋር ነው የኖርኩ። የጋለ ብረት ሽታ አለው፣ የዛገም ሽታ አለው። ናና የሚሸት ብረት ግን አላየሁም።»

ያኔ ማልቀስ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሲጋልን፣ ትንሿን አራት ማዕዘን፣ ሚሽሃውን። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። አልሳቀም፤ አልተቆጣም።

«ይጠፋ የነበረው ስለሚግል ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ስለጮህኩ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ተነሺ» አለኝ። «ያቺ ልጅ የት ነው ያለችው?»

ኮምፒውተሩን በአንሶላ ቋጥሮ እንደ ስልቻ ጀርባው ላይ አደረገው። እናቴ «አባዬ፣ ማታ መኪና ያለው ሰው እንለምን» አለች፤ አልሰማትም። ቀትር ላይ ጣቢያው ድረስ በፀሐይ ሄድን፤ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቀፈው። ሹፌሩ ሲነዳ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ በሁለት እጁ ይደግፈዋል።

ሲጋል ማሽኑን ስትከፍተው መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ሚሽሃ» አልኳት።

«የጥርስ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ፀጉሯ ላይ የሰካችውን እስክሪቢቶ አውጥታ መልሳ ሰካችው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ለልጅ ግማሽ ነገር ነግሬ ስልክ ላወራ ወጣሁ።» ይህን የምትል ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር። ሰሌዳው ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር በትንሽ ብሩሽና በአልኮል ስታጸዳ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። የተጎዳ ነገር ይኑር አይኑር አላወቀችም፤ ብረቱን እንደነገሩ መልሳ ገጥማ ለሙከራ ጥቂት አበራችውና «እናያለን» ብቻ አለች።

አባባ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር። ማሽኑን አጥፍታ ማበጠሪያ የመሰለውን ብረት ነቅላ ስታስቀምጥ አነሳውና ገልብጦ የስሩን ጠፍጣፋ ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይኼ ለስላሳ ነው?» አላት።

«ለስላሳ ነው ሳባ» አለችው፤ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። «መስታወት ነው።»

«ቢላ አለሽ?»

ሲጋል እኔን አየችኝ፤ ካርቶን የምትቀድበትን ቢላ ሰጠችው። አባባ ስለቱን ብረቱ ላይ አቁሞ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ነይ፣ ከዚህ ተመልከች።» ሁለታችንም አንገታችንን አዘንብለን አየን። ከስለቱና ከብረቱ መሀል፣ እዚህም እዚያም፣ ፀጉር የምታህል ብርሃን ታልፋለች።

«ያየሽው ነፋስ ነው» አለ አባባ። «ሁለት ብረት ገጥሞ አያውቅም። የገጠመ ይመስላል እንጂ በመሀሉ ነፋስ አለ። ነፋስ ደግሞ ሙቀት አያሻግርም። እኛ ስንሠራ ይኼን እናውቃለን። ቅባቱ ለዚህ ነው?»

ሲጋል ብረቱን ከእጁ ተቀበለች። «ለዚህ ነው» አለች። «ሌላ ምንም ሥራ የለውም። ያንን ነፋስ ማስወጣት ነው።» ከዚያ ጊዜ በኋላ አባባን አንተ ስትለው ድምፅዋ ተለወጠ። ቃሉ ያው ነው፤ ሌላ ቃል የላትም።

ቅባቱን እኔ እንድጨምር ሰጠችኝ። አጥብቄ ስለጨመቅኩት ብዙ ወጣ። በጨርቅ ጠረገችው። «እንደገና። የሩዝ ፍሬ የምታህል። አንዲት ብቻ፣ መሀል ላይ። ብዙ ሲሆን ራሱ ግድግዳ ይሆናል።» ሁለተኛውም በዛ። ሦስተኛው ላይ አባባ ወፍራሙን መዳፉን ከእጄ ስር አደረገልኝ፤ ቀስ ብዬ ጨመቅኩ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ግራጫ ነጥብ መሀል ላይ ተቀመጠች። ልቀባው ስል ሲጋል ያዘችኝ። «ተይው፤ ብረቱ ሲጫነው ራሱ ይሄዳል።» የአራቱን ማዕዘን ብሎን በየተራ፣ በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅነው።

በዚያ መዳፍ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቀደም ሲል ሲጋል ለሙከራ አብርታው የጋለውን ብረት ሲያነሳ የአውራ ጣቱ ጫፍ ቀልቶ ነበር። «አባባ፣ ይሞቅሃል እንዴ?» አልኩት።

«ለምን አይሞቀኝም?» አለኝ።

ኮምፒውተሩ በራ። ሲጋል አንድ ሰዓት ሙሉ ከባድ ሥራ እያሠራች አቆየችው፤ አልጠፋም።

የቀረው ተገኘ ነበር። በማግስቱ አባባ በጎረቤቷ ስልክ አገኘው። ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ፤ አስረዳ፣ ማለ። ከወዲያ በኩል የሚሰማው «እሺ ጋሼ፣ ተወው ጋሼ» ብቻ ነበር። አባባ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ምን እንደምል አልነገረኝም።

«አባባ ተገኘ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። «የጥርስ ሳሙና ቀብቼበት ነው።»

«ማነሽ አንቺ?»

«ኦሪት። የብርሃኔ ልጅ።»

«የምን ሳሙና?»

ከመጀመሪያው ነገርኩት። በመሀሉ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳል መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«እንግዲያ እሱ አንድም ቀን አልዘጋብኝም?»

«አንድም ቀን። መዝጊያውን ራሱ አያውቀውም።»

«ነገ ኢንተርኔት ቤት እሄዳለሁ በይው» አለኝ።

ዓርብ መጣ። እናቴ ሥራዋን ትታ ከኛ ጋር ተቀመጠች። ሰላምታው ረጅም ሆነ፤ ሁለቱም እያወቁ ያስረዘሙት ይመስለኛል። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ አለፈ። ሃያኛው አለፈ። ከዚያ ተገኘ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስሜ ተጠርቶ ነበር ጋሼ» አለ።

አባባ አልተንቀሳቀሰም።

«አንተ በሄድክ በዓመቱ። ሰው መጣ፤ ወረቀት ይዞ። ተገኘ የሚባል፣ የፈረደ ወንድም፣ ስሙ ወጥቷል፣ ይነሳ አለ። እናታችን ሂድ አለችኝ። ጥለኸኝ አትሂድ ብትለኝ ይሻል ነበር፤ ሂድ ነው ያለችኝ። ለሰውየው፣ ተገኘ የሚባል እዚህ የለም አልኩት። በራፋችን ላይ ቆሜ። ከዚያ ሰዎች ምነው አልሄድክም ሲሉኝ፣ ጋሼ ረሳኝ አልኩ። አንድ ቀን ለማምለጫ ያህል ነው ያልኩት። ሁሉም ያዘው። እናታችን ከሞተች በኋላ ልምጣ ብል የመምጫው በር ተዘግቶ ጠበቀኝ። እውነቱን ልናገር ባልኩ ቁጥር፣ ፊትህ ይጠፋል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«እኔ ስምህን አሳስቼ ያስጻፍኩ መስሎኝ ነበር» አለ አባባ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«አላሳሳትክም። ልክ ነበር የተጻፈው።»

«ሃያ ዓመት።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ ተመኘሁ። ከልቤ ነው የተመኘሁት። አባባ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ተገኘ እንዳያይ፣ አባባ ሊናገር ያለውን ተገኘ እንዳይሰማ፣ እንደ ድሮው ድርግም ብሎ በጠፋና እኔም የማሽን ችግር ነው ባልኩ። ማራገቢያው ቀስ ብሎ፣ ሳይዛነፍ ይዞራል። በእጄ የሠራሁት ሥራ ጥሩ ሥራ ነበር።

አባባ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«ስትሞት ማን ነበር አጠገቧ?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ይቅር አልኩህ ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ። ልጅ ስለነበርኩ ጠብ በአንድ ቃል የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ያንን ቃል አላለም፤ በዚያ ቀንም ሆነ በሌላ ጊዜ ሲለው አልሰማሁም። አባባ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ስክሪኑን አየና፣

«በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ። «ከታመመችበት ቀን ጀምረህ። ጊዜ አለን።»

ተገኘ ነገረው። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። አባባ አንዳንዴ ያቋርጠዋል፤ ክረምት ነበር በጋ፣ ማን አጠባት፣ የትኛው ዛፍ ስር ነው ያረፈችው። አንዴ ተቆጣና ጮኸ፤ ተገኘም ጮኸ፤ ማሽኑ ሁለቱንም ቻላቸው። አንዴም ሁለቱም አንድ ላይ አለቀሱ። እናቴ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች፤ ለሰንበት ያልሠራችው ብዙ ነበር።

መጨረሻ ላይ የሚነጋገሩት አለቀ። ያኔ አንድ አዲስ ችግር መጣ፤ ከዚያ በፊት ጥሪውን የሚዘጋላቸው ማሽኑ ስለነበር፣ ራሳቸው ዘግተው አያውቁም። ጥሪው የሚዘጋበትን ቀይ ምልክት ለአባባ አሳየሁት። ጣቱን አስጠጋና መለሰው።

«አንተ ዝጋው» አለ ተገኘን።

«እኔ አልዘጋም ጋሼ። አንተ ዝጋ።»

ተሰናበቱ፤ ሁለቱም ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። እንደገና ተሰናበቱ። በሦስተኛው ላይ እኔ ወጥቼ ወደ እናቴ ሄድኩ፤ ከኩሽና ሆኜ አባባ «እሺ በል፣ ደህና ዋል» ሲል ሰማሁት፤ ትንሽ ቆይቶም፣ «ምነው፣ አሁንም አለህ?»